«ግራ ቀኙ ወጪያቸውን ይቻሉ» እንዳይባልብህ፦ የባጃጇ ክስና የጠበቃው ገንዘብ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው አዳማ ነው። የራሴ ባጃጅ አለችኝ። ጥቅምት 2017 ፍራንኮ አካባቢ መንገድ ዳር ቆሜ ተሳፋሪ ሳወርድ አንድ ሚኒባስ ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። ባጃጇን ለማሠራት 38,500 ብር ወጣ። እጄ ተሰብሮ ለሕክምና 7,200 ብር ከፍያለሁ። 23 ቀን ቤት ዋልኩ። የሚኒባሱ ባለቤት ‹የኔም መኪና ተጎድቷል፣ 20,000 ብር ውሰድና ፈርም› እያለ ሽማግሌ ይልክብኛል። ጠበቃ ሳነጋግር 15,000 ብር ጠየቀኝ። ፖርትላንድ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹ክሰሰው፣ የጠበቃውን የሚከፍለው የተሸነፈው ነው› ይላል። እውነት ነው? ለዚህች ገንዘብ ጠበቃ መያዝ ያዋጣኛል? ይንገሩኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈ። ባጃጅ ላይ ከኋላ ተገጭቶ በተሰበረ እጅ ብቻ የሚነሳ ሰው ዕድለኛ ነው።

አጭሩን መልስ ልንገርህ። የጠበቃህን ገንዘብ ከተሸናፊው መጠየቅ ትችላለህ። ግን በራሱ አይመጣም፤ ካልጠየቅከው ማንም አያስታውስልህም። ጠይቀኸውም ሙሉውን የማግኘትህ ነገር ጠባብ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እኔን ያሳሰበኝ ጠበቃው የጠየቀህ 15,000 ብር አይደለም። «መንገድ ዳር ቆሜ» ያልካት ነገር ናት። ወደ እሷ እመጣለሁ።

መጀመሪያ የወንድምህን ነገር እንጨርስ። ወንድምህ አልዋሸህም፤ የሚኖርበትን ግዛት ሕግ ነው የነገረህ። እሱንም በግማሽ። አሜሪካ በጥቅሉ ያሸነፈም የተሸነፈም የየራሱን ጠበቃ የሚከፍልበት አገር ነው። ፖርትላንድ ያለችበት የኦሪገን ግዛት ግን ለትንንሽ የጉዳት ክሶች ለየት ያለ ድንጋጌ አላት። በሰው አካል ወይም በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት የተጠየቀው ካሳ 10,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ከሳሹ ከረታ፣ ተከሳሹ ካሳውን ከነጠበቃው ክፍያ ይከፍላል። የጠበቃውን ልክ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው።

ሁለት ነገር ግን አለ። ከሳሹ ክስ ከመመሥረቱ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ገንዘቡን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። የሕክምናውንና የጥገናውን ወረቀትም አያይዞ መላክ አለበት። ተከሳሹ ደግሞ ከክሱ በፊት ፍርድ ቤቱ ኋላ ከፈረደው ያላነሰ ገንዘብ «እንካ» ብሎ አቅርቦ ከነበረ፣ ከሳሹ የጠበቃ የሚባል ነገር አያገኝም።

አስተውለው። ሕጉ የተሠራው ጠበቃን ለማበልጸግ አይደለም። ትንሽ ገንዘብ ለመክሰስ የሚወጣው ከሚገኘው ስለሚበልጥ፣ ጉዳት ያደረሰው ሰው «የት ይደርሳል» ብሎ ይንቃል። ያንን ንቀት ነው ውድ ያደረጉበት። ያንተም ባለሚኒባስ እኮ «20,000 ብር ውሰድ» ያለህ አንተ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም እንደሌለህ ቆጥሮ ነው። ነገሩ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ግን እዚህና እዚያ ይለያያል።

ወደኛ እንምጣ። የእኛ ሕግ በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ቁጥር 462 የክርክሩን ወጪ ማን ይክፈል፣ ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ለዳኛው ይተወዋል። ቁጥር 463 ደግሞ ወጪ የተፈረደለት ወገን ዝርዝሩን ጽፎ እንዲያቀርብ ያዛል። በችሎት ቋንቋ «ወጪና ኪሳራ» የሚባለው ይህ ነው። የዳኝነት ክፍያ (ክስ ስትከፍት ለፍርድ ቤቱ የምትከፍለው)፣ የጠበቃ አበል፣ የምስክሮች አበል፣ የትርጉም፣ የጽሕፈት፣ የኮፒ፣ የትራንስፖርት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ውሳኔ ሲነበብ ጆሮህን አቁመህ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ስማ። ከሦስት አንዱን ነው የምትሰማው። አንደኛው «ተከሳሽ ለከሳሽ ይህን ያህል ብር ወጪና ኪሳራ ይክፈል» የሚል ነው። ይህ እንደ ሎተሪ ነው፣ እዚያው ቁጥሩ ተቆርጧል። ሁለተኛው «ከሳሽ የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል» የሚል ነው። ሦስተኛው «ግራ ቀኙ ወጪያቸውን ይቻሉ»። ሦስተኛውን ከሰማህ የጠበቃህ ገንዘብ ያንተው ዕዳ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። «መብቱ ተጠብቋል» ሲባል ሰው ደስ ብሎት፣ ጠበቃውን አቅፎ፣ ቡና ጋብዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምንም እኮ አልተፈረደለትም። በር ነው የተከፈተለት፤ ገና መግባት አለበት። እኔ ራሴ ጥብቅና በጀመርኩበት ዘመን አንዲት እናት አጥራቸው በመኪና ፈርሶባቸው ከሰን ረታን። መብት ተጠበቀልን። እኔ በሌላ መዝገብ ተጠምጄ ዝርዝሩን ዛሬ ነገ እያልኩ አሳደርኩት። ተከሳሹ ዋናውን ገንዘብ ከፈለ፣ አፈጻጸሙ አለቀ፣ መዝገቡ ተዘጋ። እናትየው ለእኔ የከፈሉኝን ገንዘብ አንድም ሳንቲም አላገኙም። እኔም የተቀበልኩትን ግማሹን መልሼላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን የማዘጋጀው ውሳኔው ከመነበቡ በፊት ነው። ቁጥሩ ብቻ ነው ባዶ የሚቀረው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ክሱ ላይ ነው። «የምጠይቀው ዳኝነት» የሚለው ክፍል ላይ ከካሳው ቀጥሎ ወጪና ኪሳራን፣ የጠበቃ አበልን ጭምር ብለህ በግልጽ ጠይቅ። ከጠበቃህ ጋር ያለህ ውል በጽሑፍ ይሁን። ስትከፍለው ደረሰኝ ተቀበል። በባንክ ወይም በቴሌብር ከላክህም የመልእክቱን ማረጋገጫ አትመህ ፋይል ውስጥ ክተተው። ያለ ወረቀት የተከፈለ ብር ለችሎቱ አልተከፈለም። ማመልከቻ ለጻፈልህ ራፖር ጸሐፊ የሰጠሃት፣ ለኮፒ ያወጣሃት ትንሽ ብር ሳትቀር ማስታወሻ ደብተር ላይ ከነቀኗ ትጻፍ።

ስንት ይመለሳል? በችሎት ብዙ ጊዜ የምሰማው ቁጥር ከተፈረደው ገንዘብ 10 በመቶ ነው። ልማድ ነው፤ ዳኛውን አያስረውም። ውሉ ላይ 15,000 ብር ስለተጻፈ ዳኛው 15,000 ብር የመፍረድ ግዴታ የለበትም። «ጉዳዩ ቀላል ነው፣ በሁለት ቀጠሮ ያለቀ ነው» ብሎ ሊቀንሰው ይችላል። ትንሽ ክስ ላይ ይህ ያማል። ሚሊዮን ብር ላይ 10 በመቶ ጠበቃውን ይሸፍን ይሆናል። ስድሳ ሺህ ብር ላይ አይሸፍንም፤ የጠበቃው ድካም ግን ለሁለቱም ተቀራራቢ ነው።

አሁን ሒሳቡን እናውርደው። በቀን ወጪህ ተቀንሶ 700 ብር ይተርፍሃል ብዬ ልነሳ፤ አንተ በራስህ ቁጥር ተካው። 23 ቀን ሲባዛ 16,100 ብር። ጥገናው 38,500። ሕክምናው 7,200። ሲደመር 61,800 ብር። የኅሊና ጉዳት ካሳም ሕጉ ይፈቅዳል። ግን አትጓጓ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አድርጎታል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ያኔ 1,000 ብር ብር ነበረች። ዛሬ ጥሬ ሥጋ ቤት ገብተህ አንድ ኪሎ ብታዝባት እንኳ ለአዋዜው የሚተርፍህ አይመስለኝም። ለማንኛውም ጠይቀው፤ ስሌቱ ውስጥ ግን አላስገባውም።

ሙሉ በሙሉ ከረታህ 61,800 ብር ይፈረድልሃል። በ10 በመቶው ልማድ ለጠበቃ 6,180 ብር ይጨመራል። የከፈልከው የዳኝነት ክፍያም ይመለስልሃል። ለጠበቃህ 15,000 ብር ትከፍላለህ። ከኪስህ የሚወጣው ልዩነት 8,820 ብር ነው። እጅህ ላይ የሚቀረው 52,980 ብር። ባለሚኒባሱ ከሚልህ 20,000 ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ ብናቆም «ክሰሰው» ብዬህ ሻዬን እጠጣ ነበር።

ግን «መንገድ ዳር ቆሜ» አልክ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም እኩል ለአደጋው ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል። የሁለቱ ጉዳት በአንድ ላይ ይደመርና እያንዳንዱ ባለቤት ግማሽ ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት እንደደረሰ ሲረጋገጥ ነው።

ባለሚኒባሱ «የኔም መኪና ተጎድቷል» ያለህ ዝም ብሎ አይደለም። አንድ ሰው መክሮታል። ፓራፋንጎውንና የፊት መብራቱን 12,000 ብር አሠርቻለሁ ብሎ ደረሰኝ ይዞ መጣ እንበል። ድምሩ 73,800 ብር ይሆናል። ግማሹ 36,900። አንተ የተጎዳኸው 61,800 ስለሆነ ከሱ የምትቀበለው 24,900 ብር ብቻ ነው። ጠበቃው 15,000 ወሰደ። በ10 በመቶው ልማድ 2,490 ብር ተመለሰልህ እንበል፤ ግማሽ በግማሽ በረታህበት ክስ ዳኛው «ይቻቻሉ» ሊልም ይችላል። እጅህ ላይ 12,390 ብር ቀረ። ዓመት ተመላልሰህ። ሽማግሌዎቹ ይዘው ከመጡት 20,000 ብር አነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ጠበቃው ስንት ያስከፍለኛል ከማለትህ በፊት የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን ምን ይላል በል። የጠበቃህን ዋጋ የሚወስነው እሱ ነው። ፕላኑ ላይ ባጃጇ የቆመችበት ቦታ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ የፍሬን ምልክቱ፣ የመጀመሪያው ንክኪ የት እንደሆነ ተስሏል። ተሳፋሪ ለማውረድ በሚፈቀድበት ቦታ ጥግህን ይዘህ ቆመህ ከነበረ፣ ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ጥፋቱን የሚያላክክበት ሰው የለም። መታጠፊያ ላይ ወይም መቆም በተከለከለበት ቆመህ ከነበረ ግን፣ 2084ን ብታመልጥ እንኳ ቁጥር 2098 ይጠብቅሃል። ተጎጂው ራሱ በከፊል ካጠፋ ካሳው ይቀነሳል። እውነቱን ለጠበቃህ ንገረው። ለእኔም ቢሆን ደንበኛ ሲዋሸኝ የምሰማው ከተከሳሹ መልስ ላይ ነው፤ ያን ቀን ፊቴ እንዴት እንደሚሆን አትጠይቀኝ።

የተሳፋሪዋን ወይም የተሳፋሪውን ስልክ ይዘሃል? ካልያዝክ ፈልግ። ያን ቀን እዚያ የነበረ ሱቅ ጠባቂ፣ ሊስትሮ፣ ጀብሎ አለ። «ባጃጇ ቆማ ነበር» የሚል አንድ ምስክር ካንተ ጠበቃ ሦስት ገጽ ክርክር ይበልጣል።

የሰውየውን ማንነት በተመለከተ ብዙ አትጨነቅ። በቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር፣ ሹፌሩ ማንም ይሁን ማን ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሹፌሩንም ባለቤቱንም አንድ ላይ ክሰስ። ባለቤቱ ሞጆ ይኑር አሰላ፣ አደጋው የደረሰው አዳማ ስለሆነ እዚሁ መክሰስ ትችላለህ። መድን ድርጅቱን ራሱ ባለቤቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረት ወደ ክርክሩ ይግባልኝ ብሎ ይጠራዋል።

መድኑን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። በሶስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሶስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ጣሪያው 100,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት 40,000 ብር ነበር። ያንተ ጥገናና ሕክምና ከዚያም በታች ነው። እና ሰውየው ከራሱ ኪስ የሚያወጣ ይመስል ለምን ይደራደርሃል? አንዳንዴ መድኑ ያለቀበት ስለሆነ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አደጋውን ለመድን ድርጅቱ በጊዜ ስላላሳወቀ ይፈራል። የሶስተኛ ወገን ስቲከሩ በዚያን ቀን ጸንቶ እንደነበር የትራፊክ ፖሊሱ መዝገብ ላይ ታገኘዋለህ። ይህንን ሳታይ ከሽማግሌ ጋር አትቀመጥ።

አሁን ደብዳቤው። እንደ ኦሪገን ክስ ከመመሥረትህ በፊት የሚያስገድድህ የ30 ቀን ደብዳቤ የለም። እኔ ግን ሁልጊዜ እልካለሁ። ወጪው በዳኛው ፈቃድ ከሆነ፣ ዳኛው ማን ነገሩን እንዳጓተተው ማየት አለበት። «ከሳሽ በወረቀት ጠይቆ፣ ሰነድ አያይዞ፣ ወር ጠብቆ፣ ተከሳሽ ዝም ብሎ ነው የመጣነው» ማለት ስትችል ጥያቄህ ክብደት አለው። እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦

«ለአቶ (ስሙ)። ጉዳዩ፦ የጉዳት ካሳ ስለመጠየቅ። ጥቅምት (ቀኑ) 2017 ንብረትነቱ የእርስዎ የሆነው የሰሌዳ ቁጥሩ (ቁጥሩ) የሆነ ሚኒባስ ፍራንኮ አካባቢ ቆማ በነበረች ባጃጄ ላይ ባደረሰው ግጭት ለጥገና 38,500 ብር፣ ለሕክምና 7,200 ብር አውጥቻለሁ፤ 23 ቀን ከሥራ ቀርቼ 16,100 ብር ገቢ አጥቻለሁ። ማስረጃዎቹ ኮፒ ተያይዘዋል። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ 61,800 ብር እንዲከፍሉኝ ወይም የመድን ድርጅትዎን እንዲያሳውቁኝ እየጠየቅሁ፣ ይህ ካልሆነ ካሳውን ከወጪና ኪሳራ፣ ከጠበቃ አበልም ጋር በክስ የምጠይቅ መሆኔን አሳውቃለሁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፣ «በሕግ አምላክ» የለበትም። በሪኮማንዴ (ፖስታ ቤቱ መዝግቦ በሚያደርሰው) ላከውና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ጠብቅ። በቴሌግራም ብትልክለትም ያየበትን ምልክት ፎቶ አንሳው። የመድን ድርጅቱን ካወቅክ አንድ ኮፒ ለእነሱ ስጥና የገቢ ማህተም አስመታበት። እኔ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ከላክሁላቸው ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ክስ ሳይመሠረት ከፍለዋል። ጠበቃ እንደሌለህ ቆጥሮ ለነበረ ሰው፣ የተደመረ ቁጥርና የተቀጠረ ቀን ያለበት ወረቀት ሌላ ነገር ነው።

ቁጥሩን ግን አታሳብጠው። ይህ ያዳማ በሽታ ነው ልበል፣ የአገሩ ሁሉ ነው። «ዳኛው ስለሚቀንሰው ከፍ አድርገን እንጠይቅ» ይላሉ። 150,000 ብር ጠይቀህ 61,800 ሲፈረድልህ፣ ዳኛው «ከሳሽ የጠየቀው ከግማሽ በላይ ውድቅ ሆኗል» ይልና «ግራ ቀኙ ወጪያቸውን ይቻሉ» ብሎ ይጨርሰዋል። ከዚያም በላይ የዳኝነት የከፈልከው በ150,000 ብር ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ትከስራለህ። ጋራዡ የጻፈልህን ደረሰኝ አያይዝ። ከሌላ ጋራዥ ፕሮፎርማ ብታስጨምርበት ደግሞ «ዋጋው ተጋኗል» የሚለውን ክርክር አስቀድመህ ትዘጋዋለህ። የ23 ቀኑን ገቢ ከባጃጅ ማህበርህ ደብዳቤና ከምስክር ጋር አቅርበው። በሳንቲም ልክ ማረጋገጥ ካልቻልክ፣ ሕጉ በቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ እንዲቆርጥ ይፈቅድለታል። አንድም ወረቀት ሳይኖር ግን በርትዕም አይቆርጥም።

ስለ ጠበቃው ውል ደግሞ። 15,000 ብር ለምን ለምን እንደሆነ ጠይቀው። ክሱን ለመጻፍ ብቻ ነው? እስከ ውሳኔ ነው? ይግባኝ ቢጠየቅስ? አፈጻጸሙስ? የብዙ ውሎች ጣጣ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ረታህ፣ ሰውየው አልከፍልም አለ፣ አሁን ንብረት ማፈላለግና ማስከበር መጣ። ጠበቃው «ያ ሌላ ክፍያ ነው» ይልሃል። እውነቱን ነው፣ ውሉ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ከፋፍለህ ተዋዋል፦ ክስ ሲገባ ይህን ያህል፣ ምስክር ሲሰማ ይህን ያህል፣ ውሳኔ ሲሰጥ የቀረው፣ አፈጻጸሙ ውስጥ መግባቱ ተጽፎ። ዕርቅ ከተደረገ ክፍያው ግማሽ እንዲሆንም ጠይቅ። ያንን የማይቀበል ጠበቃ ክርክሩ እንዲረዝም የሚፈልግ ነው። እኔም ጠበቃ ነኝ፣ ወገኖቼ ይቆጡኝ።

ሌላው መንገድ ጠበቃውን ለክሱ አጻጻፍና ለማስረጃ ዝርዝሩ ብቻ ከፍለህ ችሎት ራስህ መቆም ነው። ለዚህ ዓይነት ጉዳይ አላናንቀውም። ፕላኑ ግልጽ ከሆነና ምስክር ካለህ ዳኛው ራሱ እየጠየቀ ይመራሃል። አንድ ነገር ብቻ እወቅ፦ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ክሱም በአፋን ኦሮሞ ነው የሚገባው። ቋንቋውን አቀላጥፈህ የምትናገር ካልሆንክ ትርጉም ያስፈልግሃል፤ የሕክምና ወረቀቶችህም እንደዚሁ። የከፈልከውን ደረሰኝ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። በተረፈ ራስህ ቆመህ ከተከራከርክ የጠበቃ አበል የሚባል የምትጠይቀው ገንዘብ አይኖርህም። የጻፈልህ ሰው ክፍያና ሌላው ወጪ ብቻ ነው።

ሹፌሩ በቸልተኝነት አካል በማጉደል በወንጀል ተከሶ ከሆነ ካሳህን እዚያው መዝገብ ላይ ማቅረብም ይቻላል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 101 እና የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 154 ይፈቅዳሉ። በተግባር ግን ዳኞች «የካሳው ስሌት ክርክሩን ያጓትታል» እያሉ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ይመልሱታል። ሞክረው፣ ተስፋህን ግን እዚያ ላይ አትጣል። የወንጀል ፍርዱ ግልባጭ ካለ ግን ያዘው። ከፕላኑ ቀጥሎ የሚያዋጣህ እሱ ነው።

በ2013 የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 240 ያቋቋማቸው ባህላዊ ፍርድ ቤቶችም አሉ። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ጠበቃ ሳይኖር ነገሩን ያዩታል። ሰውየው ሽማግሌ እስከላከ ድረስ «ና እዚያ እንቀመጥ» ብትለው እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። እንዲያውም ጠበቃ የሌለበት መድረክ ላይ የጠበቃ ወጪ የሚባል ጣጣም የለም።

ጊዜውን አትዘንጋ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (የመክሰሻው የጊዜ ገደብ) ከዚያ የሚረዝም ከሆነ እሱ ይሠራል። አንተ ግን በዚህ አትተማመን። ያንተ ጥቅምት 2019 ላይ ያበቃል ብለህ ቁጠር። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ «በዓሉ ይለፍ፣ ጾሙ ይፈታ» ሲባል ቀኑ ያልቃል። ሽማግሌ ይርጋ አያቆምም። ደብዳቤ ላክሁ ብለህም አትዘናጋ።

ዕርቁን አልጠላም። የተገዛሁለት ሙያ ክርክር ቢሆንም ለአንተ ጉዳይ ጥሩ ዕርቅ ከጥሩ ፍርድ ይሻላል። ፕላኑ ለአንተ የሚመሰክር ከሆነ ከ45,000 ብር በታች አትውረድ፤ ጥገናና ሕክምናህ ብቻ እዚያ ይደርሳል። ፕላኑ ካመነታ፣ 20,000ውን ከፍ አስደርገህ 30,000 ላይ ብትጨርሰው አላዝንብህም። በየትኛውም ቁጥር ብትስማሙ ወረቀቱ ላይ «የሕክምና፣ የጥገና፣ የቀረ ገቢና እስካሁን የወጣ የጠበቃ ወጪን ጨምሮ» የሚል ይግባበት። ገንዘቡ እጅህ ሳይገባ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ነገር እንዳትፈርም። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ከታረቃችሁ ደግሞ ዕርቁን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 መሠረት ለችሎቱ አቅርበህ አስመዝግበው። ያኔ ሰውየው ቢያፈገፍግ አዲስ ክስ ሳይሆን ቀጥታ አፈጻጸም ነው የምትከፍተው።

ነገ ጠዋት ሌላውን ሁሉ ተወውና ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሂድ። የፕላኑን ግልባጭ ጠይቅ። አግኝተህ ካነበብከው በኋላ ባጃጇ የቆመችበት ቦታ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጻፍልኝና ጠበቃው ይያዝ አይያዝ የሚለውን ያኔ እነግርሃለሁ።